ካርዱ ያልነገረን

ሐምሌ ሲገባ በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ሥራ ይጨምራሉ። መስታወታቸው ላይ «ጉርድ ፎቶ»፣ «ላሚኔሽን»፣ «ሲቪ እንጽፋለን» ከሚሉት ማስታወቂያዎች ጎን በማርከር የተጻፈ ወረቀት ይለጠፋል፦ «የ8ኛ ክፍል ውጤት እናያለን»። ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ አለ። ዝናቡ ሲበረታ ቤቱ በወላጅ ይሞላል። ብዙዎቹ ልጃቸውን አላስከተሉም፤ ወሬው ክፉ ከሆነ መጀመሪያ ለብቻቸው ሊሰሙት ይፈልጋሉ።

ተራዋ የደረሰ እናት በፌስታል የጠቀለለችውን የመፈተኛ ካርድ ታወጣለች። «ቁጥሩን ይበሉኝ፣ ማዘር» ይላታል ወጣቱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «አንተው እየው የኔ ልጅ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት።» ወጣቱ ቁጥሩን፣ ቀጥሎም የልጁን ስም ያስገባል። ኔትወርኩ ይጎተታል። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «አልፏል። አማካዩ 61 ነው።» እናት «ተመስገን» ብላ ወረቀቱን ትቀበልና ከመውጣቷ በፊት ትመለሳለች። «ስንተኛ ወጣ?» «ይሄ ደረጃ የለውም፣ ማዘር።» «እንዴ! ልጄ እኮ ከክፍሉ 3ኛ ነው!»

ወጣቱ መልስ የለውም፤ ቀጣዩን ይጠራል። ጥያቄው ግን ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከክፍል ግንባር ቀደም የነበረ ልጅ በውጭ ፈተና ሲመዘን ከግማሽ ብዙም ፈቀቅ ያላለው ለምንድን ነው? 61ስ ለ9ኛ ክፍል ይበቃል? በልዩ ትምህርት ቤት ለመመረጥስ? በክረምቱ የኮልፌን፣ የቤተልን፣ የወይራ ሰፈርን ወላጅ እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን ጭንቀት የወላጅ ድክመት አድርገን እናወራዋለን፤ «ልጆቹን አታስጨንቁ» ብለን እንመክራለን። ነገሩን ከሥሩ ለሚያየው ግን ጭንቀቱ ምክንያት አለው። ወላጅ የሚጨነቀው የፈተናው ቀን ስለ ልጁ ትምህርት እውነተኛ ወሬ ከሚሰማባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ስለሆነ ነው።

ከ«ሚኒስትሪ» እስከ ማትሪክ

የ8ኛ ክፍልን ፈተና ዛሬም ሰው የሚጠራው «ሚኒስትሪ» እያለ ነው። ስሙ ፈተናው ከትምህርት ሚኒስቴር ይወጣ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። አሁን በአዲስ አበባ የሚያዘጋጀው የከተማው ትምህርት ቢሮ ቢሆንም የአያቶቹ ቃል አልተለወጠም። ፍርሃቱም ቢሆን አብሮ የተወረሰ ነው። ከጣሊያን መባረር በኋላ በነበሩት ዓመታት 8ኛን በጥሩ ውጤት ማለፍ ማለት ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጦ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ማለት ነበር። ከኮልፌ በስተሰሜን፣ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ዛሬ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ስድስት ኪሎ የነበረው የበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ደግሞ ከመላ አገሪቱ 11ኛን የጨረሱ ብርቱ ተማሪዎችን ለቅሞ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ያስተምር ነበር። በሩ ጠባብ ቢሆንም ያለፈበት ሰው ሙሉ ቤተሰብ ይዞ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህ እምነት ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ በ1966 ዓ.ም. ታይቷል። መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» በሚባል ስም የሚታወቀውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ሲያወጣ፣ ወላጅ የገባው አብዛኛው ልጅ ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ እንዲቆም መታሰቡ ነበር። መምህራን በየካቲት ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት ባለ ታክሲዎችም በዚያው ሰሞን አደሙ። ዕቅዱ ተነሣ፣ ንጉሠ ነገሥቱም አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሆኖም የደሃ ልጅ ከበሩ ውጭ ሊቀር ነው የሚለው ሥጋት ከመካከላቸው አንዱ ነበር። የወላጅ ጭንቀት የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የማይገባው ለዚህ ነው።

በሮቹ በየጊዜው ቦታቸውን ቀይረዋል። በደርግ ዘመን በ6ኛ፣ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዋናውን ወንፊት ወደ 10ኛ ክፍል አመጣው፤ ከዚያ ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈ ወደ ሙያ ይሄዳል ተባለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ6ኛ ክፍል ፈተና ተመልሷል፤ 8ኛው አለ፤ «ማትሪክ» የሚባለው 12ኛው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነው። በ10ኛው መቅረት ብዙዎች እፎይ አሉ፤ በ16 ዓመቱ «ወደቅህ» ተብሎ ጎዳና ላይ የሚቀረው ልጅ ነገር ያሳዝን ነበርና። ከእፎይታው ጋር ግን ሳይታወቅ የሄደ ነገር አለ። ከ8ኛ እስከ 12ኛ ባሉት አራት ዓመታት፣ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሆኖ በሚከብድበት ጊዜ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ማንም ለወላጅ ስለ ልጁ አንድ ቃል አይናገርም። የሚናገረው ካርዱ ብቻ ነው።

> ከ8ኛ እስከ 12ኛ ባሉት አራት ዓመታት የሚናገረው ካርዱ ብቻ ነው።

ካርዱን ገልጠን ብናየው

የትምህርት ቤቱ የውጤት ካርድ በወፍራም ወረቀት የታተመ፣ መሐሉ የሚታጠፍ ነው። ፊቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስምና ማኅተም፣ የልጁ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ዘመኑ። ሲገለጥ በግራ የትምህርት ዓይነቶቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ በቀኝ 1ኛ መንፈቅ፣ 2ኛ መንፈቅ፣ አማካይ። ግርጌው ላይ ድምር፣ አማካይ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን፣ ደረጃ። ከሁሉ በታች የክፍል ኃላፊው መምህርና የወላጅ ፊርማ። ሰኔ 30 ልጁ ይህን ይዞ እየሮጠ ሲመጣ ወላጅ በመጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው፦ «3ኛ/58»።

ይህ ቁጥር በቤት ውስጥ ይህን ያህል ክብር ያገኘው በአጋጣሚ አይደለም። መነጽሯን «የረሳችው» እናት ከካርዱ ላይ ያለ ማንም እርዳታ ልትረዳው የምትችለው እርሱን ብቻ ነው። ፊዚክስ 74 ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ልጁ ምን ቢያውቅ 74 ምን ቢያጣ 40 እንደሚያገኝ ካርዱ አይናገርም። «3ኛ» ግን እንደ ሩጫ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ይገባዋል። መርካቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ አባት ደብተር የሚያገላብጥበት ጊዜ የለውም፤ ደረጃውን ለመጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ችግሩ ደረጃ የሚያወዳድረው ልጅን ከጎኑ ከተቀመጡት ልጆች ጋር መሆኑ ነው። 58ቱም ልጆች አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብበው መረዳት ባይችሉ እንኳ ከመካከላቸው አንዱ 1ኛ ይወጣል፤ ሽልማትም ይቀበላል። የትምህርት ዓይነቱ ነጥብም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ጥያቄውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና ነጥቡን የሚሞላው ያው አስተማሪ ነው፤ የሚያወጣውም ከራሱ ኖት ነው። በአካባቢው የሚያስተምሩ መምህራን ይህን አይክዱም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ስለሆነ ፈተናውን ለእርማት በሚመች መልኩ ያወጣል፤ ብዙ ልጅ ከጣለ ደግሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚነግርዎት ሌላ ነው፦ ዝቅ ያለ ነጥብ የያዘ ካርድ ወላጅን ያስኮርፋል፣ ያኮረፈ ወላጅ ልጁን ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት ያዛውራል። ሁለቱም ነጥቡን ወደ ላይ የሚገፋ ምክንያት አላቸው፤ ወደ ታች የሚጎትት ግን የላቸውም።

«ይህ መምህራንን ሐሰተኛ ማለት ነው» የሚል ቅሬታ ይነሣል። አይደለም። ካርዱ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፦ ይህ ልጅ በዚህ ክፍል፣ በዚህ መምህር ኖት፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር ሲወዳደር ስንተኛ ነው? ወላጅ ግን ሲያነበው ሌላ ጥያቄ ይዞ ነው፦ ልጄ የሚገባውን ያህል ተምሯል ወይ? ካርዱ ይህን አልተጠየቀም፣ አልመለሰምም። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ክፍተት ለዓመታት ሲሰፋ ማንም አያየውም፤ የውጭ ፈተና ሲመጣ ግን በአንድ ቀን ይታያል።

ክፍተቱ ሲታይ

ክፍተቱ በአገር ደረጃ የታየው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛወር ነው። የፈተና ስርቆትና ኩረጃ ስም አጥፍቶት ስለነበር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ላይ ከየቤታቸው ተነሥተው፣ ፍተሻ አልፈው፣ ስልካቸውን ትተው ግቢ ውስጥ እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱን ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሲያሳውቁ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ሆነ። መሻሻሉ መልካም ነው፤ ሆኖም በዚያ ዓመትም ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ተፈታኝ ግማሹን አላመጣም። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም ሰኔ 30 ይከበር ነበር። በእያንዳንዱ ክፍል 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸውም ካርድ ላይ ፈርመዋል።

> አንድም ተማሪ ባላሳለፉት ትምህርት ቤቶችም በየክፍሉ 1ኛ የወጣ ልጅ ነበር።

አዲስ አበባ ከአገሪቱ አማካይ የተሻለች ናት፤ ኮልፌም ከጠረፍ ወረዳ ጋር አይወዳደርም። ግን በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ልዩነት ራሱ ከፍ ያለ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ የተቆጠረበት ይህ ክፍለ ከተማ የቤተል ቪላ፣ የሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም፣ የአጠና ተራ ቆርቆሮ ቤትና የረጲ ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ የሚኖረውን ሁሉ ይዟል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች 90 የሞላበት ካርድ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የአንዱ 90 እና የሌላው 90 ግን አንድ ዕውቀት አይደለም። ይህን ከበር ላይ ቆሞ ማወቅ የሚችል ወላጅ የለም።

ነገሩ ለመንግሥት አዲስ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ፈተና የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል፣ በኋላም በ10ኛና በ12ኛ የናሙና ምዘና ሲያደርግ ኖሯል፤ የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ሆኗል። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከሚያገባድዱ ልጆች ከመቶ ዘጠና ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ አስልቷል። ወሬው ስለዚህ ነበረ። የሄደው ግን ወደ ሚኒስቴሩ መደርደሪያና ወደ ለጋሾች ስብሰባ ነው። ለአጠና ተራዋ እናት የደረሳት «3ኛ/58» ብቻ ነው።

የልዩ ትምህርት ቤቶች በር

በዚህ መሐል የወላጅ ዓይን ወደ ልዩ ትምህርት ቤቶች ቢያዘነብል አይገርምም። በ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎቻቸውን በሙሉ አሳለፉ ተብለው ስማቸው የሚነሣው ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው መርጠው የሚቀበሉ ናቸው። መቀሌ ቃላሚኖ አለ፤ ደሴ ልዩ አዳሪ አለ፤ ባሕር ዳር ስቴም አለ፤ በኦሮሚያ ልዩ አዳሪዎቹ አሉ። በአዲስ አበባ በ1920ዎቹ ለሴቶች ትምህርት የተከፈተው እቴጌ መነን በቅርብ ዓመታት ከከተማዋ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጃገረዶችን የሚቀበል አዳሪ ሆኗል፤ በኮተቤ ደግሞ የሳይንስ ሼርድ ካምፓስ አለ። የ8ኛ ክፍል ውጤት ዋጋው ከማለፍ በላይ የሆነው ለዚህ ነው። 61 ያልፋል፤ እነዚህን በሮች ግን አያስከፍትም።

የልዩ ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ በኢትዮጵያዊ መምህር፣ በዚያው መጽሐፍ ተምሮ ያንኑ ፈተና ማለፍ እንደሚችል አሳይተዋል ይላሉ። ብሩህ የደሃ ልጅ ከጠባብ ቤትና ከጨለማ ወጥቶ መብራትና ምግብ ያለበት ግቢ ውስጥ ሲያድር ለአገር ይተርፋል ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ለዚያ ለተመረጠው ልጅ በሩ ይከፈትለት፤ ይብዛለትም። የሚቀረው ጥያቄ ከዚህ ስኬት ምን እንማራለን የሚለው ነው። ከመቶ ሺህ ምርጡን መርጦ የተቀበለ ትምህርት ቤት ሁሉንም ቢያሳልፍ የሠራው ምርጫው ነው ወይስ ማስተማሩ? ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። የሚታወቀው ግን አለ፦ እዚያ ያለው ልጅ በየሳምንቱ ከእርሱ ከሚሻሉ ጋር ስለሚለካ የጎደለውን ቶሎ ያውቃል። ከበሩ ውጭ የቀሩት ልጆች ያጡት ዋናው ነገር ይህ ነው። አዳሪ ግቢ ለሁሉም መሥራት ባይቻል እውነተኛ ልክን ለሁሉም መንገር ግን ይቻላል።

እንግሊዞች ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል። በ1944 እ.ኤ.አ. ያወጡት የትምህርት ሕግ ልጆችን በ11 ዓመታቸው በፈተና እየለየ ጥቂቱን ወደ ጠንካራ ትምህርት ቤት፣ ብዙውን ወደ ሌላው የሚልክ አሠራር አስፋፋ። ወላጆች ፖስታ የሚጠብቁበት ሰሞን የቤተሰብ መከራ ሆነ። ከ1965 እ.ኤ.አ. በኋላ አብዛኛው አካባቢ አሠራሩን ተወው፤ እንደ ኬንት ባሉ ቦታዎች ግን እስከ ዛሬ አለ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረውን የአንደኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና በ2023 እ.ኤ.አ. ለመጨረሻ ጊዜ ሰጥታ አቆመች፤ ምዘናው በየክፍሉ እንዲከፋፈል ወሰነች። የእኛ የ10ኛ ክፍል ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ፈተና ማንሣት ብቻውን ጭንቀቱን ወደሚቀጥለው ፈተና ያሻግረዋል። የሚያቀልለው በመሐል ያለው ወሬ እውነተኛ ሲሆን ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ፈተናውን ራሱን ይከስሳል። የ12 ዓመት ድካም በጥቂት ቀናት ምርጫ በማጥቆር ሊለካ አይችልም፤ ልጅ ይታመማል፣ ይደነግጣል፣ ከቤቱ ርቆ ያድራል። ይህ ለአንድ ልጅ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ልጅ ሁለተኛ ዕድል መስጠት ያስፈልጋል፣ ማለፊያውን ያላገኙ ተማሪዎች የሚማሩበት የሪሚዲያል ፕሮግራም የመጣውም በከፊል ለዚህ ነው። ግን ድንጋጤ አንድን ትምህርት ቤት በሙሉ አይጥልም። አንዱ ትምህርት ቤት ሁሉንም ሲያሳልፍ ሌላው አንድም ካላሳለፈ፣ ፈተናውም አንድ ከሆነ፣ ልዩነቱ የተፈጠረው ከፈተናው በፊት ነው። ቴርሞሜትሩን መስበር ትኩሳቱን አያበርደውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወላጅን ይከስሳል፦ ልጁን ትምህርት ቤት ጥሎ ይሄዳል፤ ለስብሰባ ሲጠራ አይመጣም፤ ውጤት ሲበላሽ ይጮኻል። ይህን የሚሉ ርዕሰ መምህራን ሐሰት አልተናገሩም። ወላጁ የማይመጣው ግን ብዙ ጊዜ ግድ ስለሌለው አይደለም፤ ካርዱ «ሰላም ነው» ስላለው ነው። 3ኛ የወጣ ልጅ ያለው አባት ምን ብሎ ሥራ ፈትቶ ይምጣ? የተሰበሰበውም ወላጅ የሚሰማው በአብዛኛው ስለ ክፍያ፣ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ጸጉር አቆራረጥ ነው። የችግሩን ልክ ያልነገሩትን ሰው ለችግሩ አልደረሰም ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «መፍትሔውማ ወላጁ ራሱ አግኝቶታል» ይላል፤ አስጠኚ። በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «ከ1–12 ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፏል። በጎ አስጠኚ ልጅን ያነሣል፤ አይካድም። ግን አብዛኛው ወላጅ አስጠኚ የሚቀጥረው 8ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ለፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። 4ኛ ክፍል ላይ የጎደለ ንባብ በሁለት ወር አይሞላም፤ አስጠኚውም ይህን ስለሚያውቅ የሚያስጠናው ያለፉ ፈተናዎችን ጥያቄ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚህ ሌላ አስጠኚ የሚገኘው በገንዘብ ነው፤ ክፍተቱን ቀድሞ የማወቅ ዕድል ደግሞ ከፋይ ለሆነው ብቻ ይደርሳል።

> ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በ4ኛ ክፍል የጎደለ ንባብ በ12ኛ ክፍል ክረምት አይሞላም።

እውነቱን ቀድሞ መንገር

እንግዲህ የሚፈለገው ፈተና መጨመር ወይም መቀነስ አይደለም፤ እውነቱ ቀደም ብሎ፣ በሚገባ ቋንቋ ወደ ወላጅ ጆሮ መድረሱ ነው። ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። የናሙናው ምዘና እንዳለ አለ፤ በ4ኛና በ10ኛ ክፍል ወደ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢወርድ፣ ማንንም ባይጥል፣ ውጤቱም ልጁን ሳይሆን ትምህርት ቤቱን የሚናገር ቢሆን ወላጅ አራት ዓመት በጨለማ አይጠብቅም ነበር። ትምህርት ቤቶች በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ያስፈተኑትንና ያሳለፉትን ቁጥር በየዓመቱ በራቸው ላይ ቢለጥፉ፣ የግሉም ሆነ የመንግሥቱ፣ ክፍያ ከመጠየቃቸው በፊት የሚመለስ ጥያቄ ይኖር ነበር። ካርዱም ከደረጃው ጎን ሁለት መስመር ቢጨመርለት ይበቃል፦ «አንድ ገጽ አንብቦ በራሱ ቃል ይናገራል / ገና ነው»፤ «የክፍሉን ሒሳብ ያለ እርዳታ ይሠራል / ገና ነው»። ይህን መሙላት መምህሩን ያሰጋዋል የሚል ካለ፣ ልክ ነው፤ ያሰጋዋል። አሁን ያ ሥጋት ሙሉ በሙሉ የተጫነው የ14 ዓመት ልጅ ላይ ነው፤ ቢካፈሉት ይሻላል።

ቢሮዎቹ እስኪነቁ ድረስ ግን ክረምቱ አይጠብቅም። ፍልሰታን የሚጾሙ እናቶች ሱባኤ ይገባሉ፤ በኮልፌ መስጊዶች ዱዓ ይደረጋል፤ የ12ኛው ውጤት እስከ መስከረም መዳረሻ ድረስ ይቆያል። የ8ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፊደል ማወቅም አይጠይቅም። ወደ 9ኛ ክፍል ከተሻገረ ጎረቤት የእንግሊዝኛ ወይም የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዋሱ። ልጁ ግማሽ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ይክደንና ያነበበውን በአማርኛ ይንገርዎት። ንባቡ ሲደናቀፍ ጆሮ ይሰማል። ታሪኩ ሲጠፋበት፣ «እእ…» ሲያበዛ፣ ዓይኑን ሲሰብር እናት ታውቃለች። ይህ የሚነግርዎት ከ«3ኛ/58» የበለጠ ነው። ካነበበና ከነገረዎት በ61ም ቢሆን መንገዱ አለው። ካልቻለ ደግሞ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና አይምቱት፣ አይስደቡት፤ መስከረም ላይ ከዩኒፎርም በፊት ትምህርት ቤቱን የሚጠይቁት ጥያቄ አግኝተዋል።

ሰኔ 30 በየዓመቱ ይመጣል። በሚቀጥለው ሰኔ ልጁ ካርዱን ይዞ እየሮጠ ሲገባ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለትዎ በፊት መጽሐፉን አቀብለው «እስቲ ይህን አንብበህ ንገረኝ» ይበሉት። ከዚያ ካርዱ ላይ ይፈርሙ።